የእድሩ ድስቶች ለልጆች ይውጡ? የክረምቱ ዕቅድ ውይይት

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ያነሳሁትን በጽሑፍ አምጪው ስላላችሁኝ ይኸው። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ያልተስማማችሁበትን እዚሁ ጻፉት፤ ውጭ ውጭውን አንነጋገር።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ ልጅ ነው። ስሙንም ቤቱንም አልናገርም። ስምንት ዓመቱ ነው። እኛ ቤት ቡና ሲቆላ ይመጣል። መጀመሪያ ሽታው የጠራው መስሎኝ ነበር። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ዓይኑ ያለው ቆሎው ላይ ነው። አንድ እፍኝ ይበላል። ሁለተኛውን ኪሱ ይከታል። ኪሱ ተቀዷል፤ ስለዚህ ከውጭ በእጁ ጨብጦ ይዞት ይሄዳል። ለማን እንደሚወስድ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ለሁለት ዓመት እህቱ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ቆሎ አትችልም። እሱ አኝኮ ያጎርሳታል።

ቤታቸውን ብታዩ ምንም አትጠረጥሩም። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ዲሽ አለው፤ በሩ ተቀብቷል። በዓል ሲመጣ ቅርጫ ይገባሉ። የእድር መዋጮ አንድም ወር አላጓደሉም። ግን እናትየው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ወጥታ ቡና ለቀማ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። አባትየው ያገኛት ገንዘብ ጫት ላይ ነው የምታልቀው። ቀኑን ሙሉ ሕፃኗን የሚጠብቃት ያ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ለቡና በዓመት ስንቴ ተገናኝተናል! እናትየውን አንድ ቀን እንኳ ልጆቹ ምን በልተው ይውላሉ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሐሳቤ አጭር ነው። ሰው ሲሞት እድራችን ወዲያው ድንኳን ይተክላል። ድስት ይወጣል። ሐዘንተኛው ቤት ስንት ቀን እህል ይቀርባል። ከዚያ ዕቃው ተመልሶ ይቆለፍበታል። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ ድረስ እነዚያ ድስቶች ለልጆች ቁርስ ይውጡ።

ሰብሳቢው፦
ጸሐፊያችን፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ግን ሁለት ነገር አለብኝ።

አንደኛ፣ ደንባችን ስለ ቀብርና ስለ ሐዘን ነው የሚናገረው። ጉባኤ ሳይወስን ከእድሩ ካዝና ሳንቲም አይወጣም። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ይሄ ወላጅ የሌለው ልጅ አይደለም። አባት አለው። አባትየውን ምን ልንለው ነው? «ልጅህን አላበላህም» ልንለው? ሰው ገመና አለው። ገመናው የወጣበት ሰው ከእድሩም ይወጣል፤ ልጆቹንም በር ይዘጋባቸዋል። አይቼ ነው የምናገረው።

መምህሩ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ስለዚህ በር ሳናንኳኳ እንዴት እንደምናውቃቸው ልናገር።

ትምህርት ቤታችን ምገባ አለ። ሰኞ ጠዋት ሰልፉን ተመልከቱ። ሰኞ የሚቀድሙት ልጆች ሐሙስ ከሚቀድሙት ይለያሉ። ሰኞ እየተጋፉ የሚመጡት ቅዳሜና እሁድ ያልበሉ ናቸው። ዓርብ ደግሞ ዳቦውን ግማሽ በልተው ግማሹን ደብተር መሃል የሚያስቀምጡ አሉ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሁለት ቀን እንዲህ ካደረጋቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምን ይሆናሉ?

አንድ ነገር ልናዘዝ። ምገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ክፍል ውስጥ የምትተኛ ልጅ ነበረችኝ። ሰነፍ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» ብዬ ሰደድኳት። በመስኮት አየኋት። ፊቷን አልነካችም። ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብላ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ቀና ብላ ተነፈሰች፣ ደግማ ጠጣች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ተመለሰች። ምሳ እቃ ትይዝ ነበር። ስትራመድ ውስጡ ማንኪያው ብቻውን ይንኳኳል። ዓመቱን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው። ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሲስተር፦
እኔ ከጤናው ልግባ። ረጅም ብጽፍ ይቅር በሉኝ።

ረሃብ ሁልጊዜ ክሳት አይደለም። የኛ አገር ትልቁ ችግር መቀንጨር ነው፤ ልጁ ለዕድሜው ማጠሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ከመቶ 37! መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ይሄን ችግር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋዋለሁ ያለው ለዚህ ነው። የቀነጨረ ልጅ ጤነኛ ይመስላል። «በዘሩ አጭር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመቱ ያጣው ነገር ደግሞ በኋላ ብናበላው በቀላሉ አይመለስም።

ከዚህ የከፋ ማሳሳቻም አለ። ፊቱና እግሩ አብጦ «ደልቦ» የሚመስል ልጅ አለ። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። ጉድጓዱ ከቀረ፣ ያ ልጅ በጠና ታሟል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት የክንድ ዙሪያ መለኪያው አለን። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረቱ ከባድ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ። ለትልልቆቹ ግን ይሄ ልክ አይሠራም፤ እንዳትሳሳቱ።

አንድ ነገር አደራ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው «ፕላምፒ ናት» የሚባለው በኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ ለታመመው ልጅ መድኃኒት ነው። አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ አላት። ለወንድምና ለእህት ስትከፋፈል የታመመው አይድንም። እናት ግን ሌሎቹ እያዩ ለአንዱ ብቻ መስጠት አትችልም። እኔም ብሆን አልችልም። ስለዚህ ሌሎቹ የሚበሉት ነገር ካላቀረብን መድኃኒቱም ከንቱ ነው። ለኔ የቁርሱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ወጣቱ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
እኔ ገንዘብ ማሰባሰቡን እይዛለሁ። ጎበዝ ልጆች አሉ። የተወሰኑ ቤቶች ሄደን ፎቶ ብናነሳና ቴሌግራም ላይ ብንለቀው ዲያስፖራውም ቶሎ ይረዳል። የተቸገሩትን ዝርዝርም በየመንደሩ እናወጣለን።

እትዬ (የእድሩ ዕቃ ጠባቂ)፦
ልጄ፣ ፎቶው ይቅር። ዝርዝሩም ይቅር። ፊቱ ስልክ ላይ የወጣ ልጅ አድጎ አዌቱ ወንዝን ተሻግሮ ኮቺ ሰፈር ቢሄድ እንኳ «ያ ቁርስ ያበሉት ልጅ» ይባላል።

ሌላም ልበል። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሌላ ሰው ቤት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና የራሳችንን ጓዳ እንይ። ከገጠር «እናስተምራት» ብለን ያመጣናት የዘመድ ልጅ የሌለችበት ግቢ ስንት ነው?

እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው እንዲህ ተብዬ ጅማ የገባሁት። ሁሉም በልቶ ሲነሳ ድስቱን አጥባለሁ። እያጠብኩ የድስቱን ግርጌ በጣቴ እጠርጋለሁ። ራቴ ያ ነው። እንግዳ የመጣ ቀን እሱም የለም። ማንም አልመታኝም። ክፉ ሰዎችም አልነበሩም። በዓል ሲሆን ቀሚስ ይገዙልኛል። ብቻ በስድስት ዓመት ውስጥ «በላሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ጎረቤቶቹ የእድር ሰዎች ነበሩ። በየቀኑ ያዩኛል።

እንዲህ ያለችው ልጅ ጠዋት ቁርስ ልብላ ብላ አትመጣም። ጠዋት ሥራ ላይ ናት። ረቂቁ ላይ እሷም ትግባ።

ጸሐፊዋ፦
እትዬ፣ ይሄን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ ነግረውን አያውቁም። እግዜር ይስጥልን። ሐሳብዎ ይገባል፤ እኔው ነኝ የምጽፈው።

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
አሰላሙ አለይኩም። ካዝናውን አትንኩ፤ ጋሼ ልክ ናቸው። ለብቻው ሣጥን ይከፈት። የቀብሩ ከቀብር፣ የልጆቹ ከልጆች። እኔ የመጀመሪያውን ወር ዱቄት እችላለሁ። ዘካዬን ግን ከዚህ ጋር አልቀላቅልም፤ የራሱ ሕግ አለው፣ በራሴ መንገድ አወጣዋለሁ። በኛም በናንተም ዘንድ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ነው የተባለው። ስለዚህ የሰጪም የተቀባይም ስም አይለጠፍ።

ደግሞም ይሄ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የኦሮሞ ወገኖቻችን ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። የጎደለበትን ሳይለምን መሙላት ማለት ነው። «ሳይለምን» የምትለዋን ያዙልኝ።

ወጣቱ፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት። ፎቶውን ሰርዤዋለሁ። ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት እንክፈት። እኛ ተማሪዎች ሒሳብና ንባብ እናስተምራለን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይመጣል፤ የሀብታሙም የድሃውም። ትምህርቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም አብሮ ቁርስ ይበላል። ማን ተርቦ እንደመጣ፣ ማን ለትምህርቱ እንደመጣ አይታወቅም።

መምህሩ፦
ይሄ ነው! አባትየውም «ልጄ ትምህርት ገባ» ነው የሚለው። ጋሼ፣ የገመናው ነገር እዚህ ጋ የተፈታ ይመስለኛል።

ሲስተር፦
ደስ ብሎኛል፤ ግን ትንንሾቹ ቀሩ። ለሕይወት የሚያሰጋው የነሱ ነው። «ታናሽህን ይዘህ ና» ይባል። ትልቁ ሲማር ትንሿን እኛ እንይዛለን፤ በዚያውም ክንዷን እለካለሁ። ያ ባለቆሎው ልጅም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ልጅ ሆኖ ይውላል።

ምግቡን በተመለከተ ቀጭን አጥሚት አልቀበልም። ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠግብም። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። ምጥኑ ውስጥ ጥራጥሬ ይግባ። እንቁላል በሳምንት ሦስቴ ብንል፣ ለ40 ልጅ 120 እንቁላል፣ አራት ትሪ ነው። አቮካዶ ደግሞ ጅማ ላይ ሆነን ቸገረን ብንል ነውር ነው። ወቅቱ ሲሆን በየጓሮው ወድቆ ይበሰብሳል። ተፈጭቶ ገንፎው ላይ ይደረግ።

እትዬ፦
ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ልጆች ደግሞ ፍልሰታን ይወዳሉ፤ ከነሱ የሚጾም አይጠፋም። የሚጾመው እንቁላል አይበላም፤ አስቀድሶ እስኪወጣም አይቀምስም። ለሱ ኦቾሎኒና ሽሮ ይዘጋጅ፤ ድርሻውም ተከድኖ ይቀመጥለት። ማንም «ለምን አትበላም» ብሎ እንዳያሳፍረው።

ሰብሳቢው፦
እሺ። እኔም ተረትቻለሁ፤ ለጉባኤው ራሴ አቀርበዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይጻፍ። ችግሩ የገንዘብ ሳይሆን የቸልተኝነት የሆነ ቤትስ? እያለው የማያበላስ? ሽማግሌ እንላክ?

ሲስተር፦
ጋሼ፣ ሽምግልና የሚገባበትም የማይገባበትም አለ። ጫት ላይ ገንዘቡን ለሚጨርሰው አባት ሽማግሌ ይሂድ፤ እናንተን ይሰማል። ለደከማት እናት ሁለት ሴቶች ለቡና ይሂዱ። ምክር ሳይሆን ጆሮ ይዘው ይሂዱ። ግን የተደበደበ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የተቆለፈበት ልጅ፣ እግሩ ያበጠ ልጅ ለሽምግልና አይቀጠርም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕፃናትን መብት ጽፏል። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 576 ላይ ልጅን ማንገላታትና ቸል ማለትን ያስቀጣል። «የቤት ጉዳይ ነው» አይባልም።

ሰብሳቢው፦
ተስማምቻለሁ። ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦
እስካሁን ያለውን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ያልጣማችሁን አርሙ፦

«እድራችን ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ ድረስ ለሰፈራችን ልጆች ሁሉ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ከቁርስ ጋር ያዘጋጃል። ወጪው ለብቻው ከተከፈተ ሣጥን ይሸፈናል፤ የቀብር ገንዘብ አይነካም። ልጆች ታናናሾቻቸውን ይዘው መምጣት ይችላሉ። የተቸገረ ተብሎ አይመዘገብም፤ ፎቶ አይነሳም፤ የሰጪም ስም አይጠራም። እያንዳንዱ አባል በቤቱ ያለችውን የዘመድ ልጅና ሠራተኛ ልጅ ከራሱ ልጆች ጋር እኩል ገበታ ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ትምህርቱ ላይ እንድትገኝም ይፈቅዳል። ይሄንን ለሌላው ከመናገራችን በፊት እኛ የኮሚቴው አባላት በየቤታችን እንጀምራለን። የተጎዳ ሕፃን ሲገኝ ሲስተር ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች፤ ለሚመለከተው አካል የሚያሳውቀው ሰብሳቢው ነው።»

ቀሪው የማገዶና የምጣዱ ነገር ነው። ክረምት ነው፤ እንጨት እርጥብ ነው። ከሰል ሐሙስ ገበያ በጅምላ ይገዛ፣ ወይስ ከየቤቱ ይዋጣ?

ሀጂ፦
በጅምላ። ሐሙስ እኔ እሄዳለሁ።

መምህሩ፦
ለትምህርቱ አዳራሹ ይበቃናል። ዝናብ ሲበዛ ግን በስተጓሮው በኩል ያፈሳል። ቅዳሜ አንድ ሁለት ቆርቆሮ የሚመታ ሰው እፈልጋለሁ።

ወጣቱ፦
እኔና ሁለት ጓደኞቼ።

እትዬ፦
የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ትልልቆቹ ድስቶች ለልጆች ገንፎ አይሆኑም፤ ያራል። መካከለኞቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጆሮው ወልቋል። እነሱን አውጥቼ በአመድ እፈትጋቸዋለሁ። ጸሐፊያችን፣ ያን ባለቆሎ ልጅ ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ። ዕቃ ያቀብለኛል። እህቱንም ይዞ ይምጣ።