«ፈልጌ ነበር» እና የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ

የጓሳው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መንዝ ጓሳ ውስጥ እንግዳ አስጎበኛለሁ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚያድሩ ማታ ማታ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ብርድ ልብስ። አንዲት እንግዳ ስትጠይቀኝ «አይ ዎዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ሃድ አናዘር ብላንኬት» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ሰጠኋት፤ አነጋገሯ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የበረዳት አሁን፣ የምትፈልገው አሁን። ታዲያ «ዎዝ» እና «ሃድ» እዚህ ምን ይሠራሉ? ኃላፊ ጊዜ ላለፈ ነገር አይደለም እንዴ?

አንኮበሬዋ፦
ትሕትና ነው ወንድሜ። «ካን አይ ሃቭ» ከማለት ለስለስ ይላል። በቃ።

ጠባሴ፦
አንኮበሬዋ፣ ትሕትና መሆኑ እውነት ነው፤ «በቃ» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ኃላፊ ጊዜ ትሕትናን ከየት አመጣው?

የጓሳው፣ ደብረ ብርሃን መጥተህ ሱቅ ብትገባ ምን ትላለህ? «አንድ ብርድ ልብስ ፈልጌ ነበር» አይደለም? ባለሱቁ «አሁንስ ተውከው?» ብሎ አይጠይቅህም። ያ «ነበር» ፍላጎትህን ትንሽ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ዕቃው ባይኖር አንተም እርሱም አታፍሩም። እንግዳዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ነገሩን ከአሁን የማራቂያ መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያርቀው በዘመን ነው፤ አንዳንዴ በአክብሮት ያርቃል፣ አንዳንዴም ከእውነታው ያርቃል። «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» የሚል ሰው ስለ አምና ኪሱ አያወራም፤ ዛሬ ባዶ እጁን ነው። እኛስ «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» አንልም? «ነበር ባይሰበር» በሚለው አባባል ውስጥ ያለው «ነበር» የሚናገረው ሳይሆን ስለቀረ ነገር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የእንግሊዝኛን ኃላፊ ጊዜ በ«ሄደ» ውስጥ ሳይሆን በ«ነበር» ውስጥ ፈልጉት እላቸዋለሁ።

ቆላ ሸዋ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። «ሄደ» ኃላፊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጠባሴ፦
«ግራ ገባኝ» አልከኝ፤ አሁን ግራ ገብቶሃል ወይስ ድሮ ነበር? መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ።

«ሄደ» ኃላፊ መባሉን አልከለከልኩም። ዋና ሥራው ግን ድርጊቱ መፈጸሙን መንገር ነው፤ ውጤቱ አሁንም ሊኖር ይችላል። በኅዳር ማለዳ እዚህ ጠባሴ ቆመህ «በረደኝ» ስትል ብርዱ ይዞሃል፣ አልለቀቀህም። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» እንደዚሁ ናቸው። ይህን ቃል በቃል ወስደህ «አይ ዎዝ ኮልድ» ካልክ ሰሚው አሁን ሞቆሃል ብሎ ያልፍሃል። «አይ አም ኮልድ» ነው የሚባለው። ያለፈ ብርድ ለማውራት ሲፈለግ አማርኛውም «በርዶኝ ነበር» ይላል፤ ይኸው «ነበር» መጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «መጣሁ» ነው። ጀርባችንን ሰጥተን እየሄድን «መጣሁ!» የምንል ሰዎች ነን። ገና ያልተደረገውን እንደተፈጸመ አድርገን ቃል እንገባበታለን። ለእንግዳህ «አይ ኬም» ብትለው ግን ምን እንዳልክ አይገባውም፤ «አይል ቢ ራይት ባክ» በለው።

ቆላ ሸዋ፦
እሺ ጋሼ። እኛ ግን ትምህርት ቤት የተማርነው በሰንጠረዥ ነው፤ «ሄደ» ዌንት፣ «ሄዷል» ሃዝ ጎን፣ «ሄዶ ነበር» ሃድ ጎን። የቅርብ ኃላፊ፣ የሩቅ ኃላፊ እየተባለ።

ጠባሴ፦
ያንን ሰንጠረዥ ባገኘው እቀደው ነበር። «ባለፈው ሳምንት ደብረ ሲና ሄጄ ነበር» ማለት ሄጄ ተመለስኩ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ተራ «አይ ዌንት» ነው። ሰንጠረዡን የሸመደደ ተማሪ ግን «አይ ሃድ ጎን» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም ከዚያ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ይጠብቃል፤ ምንም አይመጣም። «ሃድ ጎን» ቦታው የሚገኘው አንድ ያለፈ ነገር ከሌላ ካለፈ ነገር ሲቀድም ነው፦ «ደብረ ሲና ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር።» መድረሳችን አለ፣ ከመድረሳችን በፊት የአውቶቡሱ መሄድ አለ።

አንኮበሬዋ፦
በ«ሄዷል» ላይም እኔ ልጨምር፤ የትርጉም ሥራ ስለምሠራ በየቀኑ ያጋጥመኛል። የአማርኛ ዜና «በትናንትናው ዕለት ገልጸዋል» ይላል፤ ምንም ስሕተት የለበትም። እንግሊዝኛው ግን «ሃዝ» ካለ «ትናንት»ን አያስጠጋም። ያለቀ ጊዜ ከተጠራ ተራው ኃላፊ ነው የሚገባው። የእኛን አንኮበር ውሰዱ፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል «ተፈራርሟል» ብንል አማርኛው ያምራል። በእንግሊዝኛ «ሳይንድ» እንጂ «ሃዝ ሳይንድ» አይባልም። ንጉሡ አንኮበር «ኖረዋል» የሚለውም «ሃዝ ሊቭድ» ተብሎ ከተተረጎመ እ.ኤ.አ. በ1847 ያረፉትን ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ ማለት ይሆናል።

ሌላው «ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን» ናቸው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አንኮበር» ሄዷል፣ እዚያው ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ አንኮበር» ግን አንኮበር ሄዶ ያውቃል ማለት ነው። ይህ «ያውቃል» እንዴት ያለ ጥሩ ቃል ነው! ሰንጠረዡ ውስጥ ግን የለም።

የጓሳው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፤ ለእንግዶች «ጓሳው እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት፣ ማለት ነዋሪው ራሱ በሚጠብቅበት ባህላዊ ደንብ፣ ይጠበቅ ነበር» እላለሁ። «ዩዝድ ቱ ቢ ፕሮቴክትድ» ትክክል ነው?

ጠባሴ፦
ትክክል ነው፤ ቀድሞ ነበር፣ ዛሬ በዚያ መልኩ የለም ማለት ነው። «ዎዝ ፕሮቴክትድ»ም ያስኬዳል። ስንት ዓመት እንደቆየ የምትናገር ከሆነ ግን «ዩዝድ ቱ»ን ተወውና «ዎዝ» በል። «ይጠበቅ ነበር»ን «ዎዝ ቢይንግ ፕሮቴክትድ» ብሎ መተርጎም ለዚህ አይሆንም፤ ያ ሌላ ነገር ሲደርስ በመካሄድ ላይ ለነበረ ነው።

የጓሳው፦
የመጨረሻ። «ቀይ ቀበሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» የሚለው «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን» መሆኑ ገባኝ። «ዛሬ ጠዋት አያችሁ?» ስልስ?

አንኮበሬዋ፦
ጠዋቱ ካላለፈ «ሃቭ ዩ ሲን»፣ ማታ እሳት ዳር ከሆነ የምትጠይቀው «ዲድ ዩ ሲ»። አሜሪካዊ እንግዳ ግን ለመጀመሪያውም «ዲድ» ሊልህ ይችላል፤ እነርሱ ዘንድ ይህኛው ድንበር ላላ ያለ ነው።