የአልባትሮስ መኖሪያና የሎንግላይን መንጠቆ መደራረብ፦ በምን ያህል ካሬ ይሰላል?

ጥያቄ፦
በጂኦሎኬተር (ወፉ ላይ በሚታሰር አነስተኛ የብርሃን መመዝገቢያ) የተሰበሰበ የአልባትሮስ፣ ማለትም የትልቅ የባሕር ወፍ፣ የጉዞ መረጃ አለኝ። የሎንግላይን (ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ገመድ) የመንጠቆ ብዛት ከሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን የተገኘ ሲሆን የተጠቃለለው በ5 ዲግሪ ካሬ (በኬክሮስና በኬንትሮስ 5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ) ነው። ሁለቱንም ወደ 1 ዲግሪ ባወርዳቸው ውጤቱ ይታመናል?

መልስ 1፦
አይታመንም። ጂኦሎኬተር ቦታ የሚገምተው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት ነው፤ ስሕተቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ ኬክሮሱ ስለማያስተማምን እነዚያን ሳምንታት ያውጧቸው። የ5 ዲግሪን ቁጥር መበተንም አዲስ መረጃ አይፈጥርም። በ5 ዲግሪ ይቆዩ፤ ወፎቹ በየካሬው ያሳለፉትን የጊዜ ድርሻ በዚያው ወር በተጣሉት መንጠቆዎች አባዝተው ይደምሩ። የዓመት አማካይ አይጠቀሙ፦ ወፏ በሰኔ፣ መርከቡ በጥር የነበሩበት ካሬ የተደራረበ ይመስላል።

ጎጆ ያላቸውን ብቻ ከተከታተሉም ካርታው ጎዶሎ ነው። ለዓመታት ወደ ጎጆ የማይመለሱት ወጣት ወፎች ብዙ ጊዜ ሌላ ባሕር ላይ ናቸው።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ፣ መደራረብ ማለት ሞት ማለት አይደለም። ወፏ የምትያዘው በአብዛኛው ገመዱ ሲጣል፣ መንጠቆው ገና ሳይሰምጥ ነው። ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች ኮሚሽኑ በሌሊት መጣልን፣ የወፍ ማባረሪያ ገመድንና በማጥመጃው ገመድ ላይ ክብደት ማሰርን አቅርቦ ቢያንስ ሁለቱን፣ ወይም በምትካቸው የመንጠቆ መሸፈኛ መሣሪያን ያዛል። ክብደቱ ከመንጠቆው በግማሽ ሜትር ውስጥ 40 ግራም ወይም በ1 ሜትር ውስጥ 60 ግራም ቢሆን ቶሎ ይሰምጣል። ስለዚህ የመጣያውን ሰዓት ካገኙ ስሌቱን በቀንና በሌሊት ይክፈሉት። ነጭ አገጭ ፔትረል የተባለው ሌላ የባሕር ወፍ ግን በሌሊትም ይመገባል፤ ለእሱ ሌሊቱን ከአደጋ ነፃ አድርገው አይቁጠሩ።