27 ጊጋ በ2 ሜጋ መስመር፦ ስሌቴ የት ላይ ተሳሳተ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የድሮ ፋይሎች ስካን ተደርገው የተቀመጡበት አሮጌ ኮምፒውተር አለን። ሃርድ ዲስኩ አይዲኢ ነው፣ በጠፍጣፋው ሰፊ ኬብል የሚገናኘው። ፋይሎቹን በሙሉ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት እንድልክ ታዘዝኩ። መስመራችን ኢ-ዋን ነው፤ ሁላችንም «2 ሜጋ» ነው የምንለው።

ኃላፊዬ ስንት ሰዓት ይፈጃል አለችኝ። ዊንዶውስ 27 ጊጋ ይላል። 27 ሺህ ሜጋን ለ2 አካፈልኩ፣ 13,500 ሰከንድ መጣ። 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማለት ነው። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አስጀምሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለእሷም «ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል» ብያታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋቢዬን እንደደረብኩ ስገባ ስክሪኑ 40 ከመቶ ይላል። 14 ሙሉ ሰዓት አልፎ!

አሁን እሷ ዲስኩ አርጅቷል፣ ይቀየር ትላለች። ዲስኩ ግን «ዩዲኤምኤ 100» ነው። እርግጥ ለሙከራ ወደ ሌላ ዲስክ ስገለብጥ ከ30 ሜጋ አልፎ አያውቅም። 100፣ 30፣ 2... የትኛው ከየትኛው ጋር ነው የሚወዳደረው? ውስጡ ያለው የሰው የጡረታና የይዞታ ወረቀት ነው። በተሳሳተ ስሌት ተነሥተን ዲስኩን እንድንነካካ አልፈልግም።

ጡረተኛ የቴሌኮም ቴክኒሻን፣ ከደብረ ሲና

ልጄ፣ ዲስኩን አትንኩት። ዝውውሩንም አታቋርጠው። ዕድሜዬን በኢ-ዋን ላይ ነው የጨረስኩት፣ እስቲ ከሥሩ ላስረዳህ።

የስልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ነው። ሲባዛ 64,000 ቢት ይመጣል። አንድ ሰው ሲያወራ የሚይዘው ቦታ ይኸው ነው። ኢ-ዋን እንዲህ ያሉ 32 ቦታዎች አሉት፤ ታይም ስሎት እንላቸዋለን። 32 በ64 ሲባዛ 2,048 ኪሎቢት። «2 ሜጋ» የምትሉት ይህን ነው። ቢት ነው እንጂ ባይት አይደለም! አንድ ባይት 8 ቢት ነውና ለ8 ስታካፍለው 256,000 ባይት፣ ሩብ ሜጋባይት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ዜሮኛው ስሎት ለማናበቢያ ይሄዳል። 31 ቀረህ፣ 248,000 ባይት። ፋይሉ ተቆራርጦ ነው የሚላክ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ፓኬት የምንለው፣ ደግሞ አድራሻውን ተሸክሞ ነው የሚጓዝ። ወደ 230 ሺህ ከደረሰልህ ደግ ነው።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ ጊጋ የሚለው በ1,024 እየቆጠረ ነው። የአንተ 27 ሲዘረዘር 28,991,029,248 ባይት ነው። በእኛ ቤት ግን ኪሎ ሲባል 1,000 ነው። እንግዲህ ለ230 ሺህ አካፍለው። 126 ሺህ ሰከንድ፣ 35 ሰዓት ይመጣል። የ35 ሰዓት 40 ከመቶ ስንት ነው? 14። ስክሪንህ ላይ ያየኸው ቁጥር ይኸው ነው። መስመርህም ደህና ነው፣ ዲስክህም ደህና ነው።

የዲስክ ሰዎች የሚጽፉት በባይት ነው። ዩዲኤምኤ 100 ማለት በሰከንድ 100 ሜጋባይት፣ ማለትም 800 ሜጋቢት ነው። ያ የኬብሉ ጣሪያ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ያን ያህል አያነብ ይሆናል። ያየኸውን 30 እንኳ ብንወስድ 240 ሜጋቢት ነው። 117 ኢ-ዋን ይሞላል። ኤስቲኤም-1 የምንለው ትልቁ የቴሌኮም መስመር አንዱ የሚሸከመው 63 ኢ-ዋን ነው፤ ስለዚህ «አሮጌ» የተባለው ዲስክህ ሁለት ኤስቲኤም-1 ለመሙላት ምንም አልቀረው። ይህን ለኃላፊህ ንገርልኝ።

ከቸኮላችሁ ቅጂውን በሌላ ዲስክ አድርጎ በሰው እጅ መላክ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ከጠዋት የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ያደርሰዋል።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከሸዋ ሮቢት

የጋሼ ስሌት ልክ ነው። እኔ 30 ላይ ስለመቆሙ ልናገር። ኬብሉን እየው። የቆየው 40 ሽቦ፣ የኋለኛው 80 ሽቦ አለው። መሰኪያቸው ሁለቱም ባለ 40 ቀዳዳ ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ባለ 40ው ከሆነ ከዩዲኤምኤ 33 በላይ አይሄድም፤ ይኸው 30 ላይ አቆመህ። ባለ 80ው ላይ ሽቦዎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ጣትህን ስታስኬድበት ለስለስ ይላል። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ ጫፍ ዲስኩ ላይ ይሰካል። ዝውውሩ ሳያልቅና መብራቱን ሳትነቅል ግን እንዳትሞክረው፣ አደራ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ለኃላፊዬ አሳየኋት፤ ዲስኩ ይቀየር የሚለው ቀረ። በሰው መላኩን ግን አልፈቀደችም፣ የሰው ሰነድ ስለሆነ። ልክ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለመጠባበቂያ የምናስገባው ዲስክ የመጀመሪያው ትውልድ ሳታ ነው፣ አይዲኢን የተካው በቀጭን ኬብል የሚገናኘው፤ 1.5 ጊጋቢት ይላል። ለ8 ሳካፍል 187.5 ሜጋባይት ይመጣል። መግለጫው ግን 150 ይላል። እዚህስ ምን አጠፋሁ?

ጡረተኛ የቴሌኮም ቴክኒሻን፣ ከደብረ ሲና

እዚህ ላይ ለ10 ነው የሚካፈለው። ሳታ እያንዳንዱን 8 ቢት ወደ 10 ቢት ለውጦ ነው ሽቦው ላይ የሚያስኬደው፣ ተቀባዩ ሰዓቱን እንዳይስት። 1,500 ለ10፣ 150። የድሮው ሲሪያል ወደብም ለ10 ነው፤ ከ8ቱ ቢት ፊት መነሻ፣ ከኋላ ማቆሚያ ይጨምራል። ስለዚህ በሰከንድ 115,200 ቢት የሚለው 11,520 ባይት ነው። ኢ-ዋን ላይ ግን ለ8 ነው፤ ኤችዲቢ3 የሚባለው ኮዳችን የምልክቱን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቢት አይጨምርም። ሁልጊዜ አስቀድመህ «ከዚህ ውስጥ የኔ ቢት ስንቱ ነው?» በል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 11 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ አልቋል። ጋሼ ያሉት 35 ሰዓት ማለት ነው። የፋይሎቹን ብዛት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ አመሳከርን፣ አንድም አልጎደለም።

ሰኞ ዕለት መብራቱን ነቅዬ ኬብሉን በጥፍሬ ቆጠርኩት። 40 ነው! ከተጣለ ሲዲ ማጫወቻ የተነቀለ ኖሯል። በባለ 80 ሽቦው ቀየርኩት፤ 30 የነበረው 47 ሆነ። 16 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ቅጂ በ10 ደቂቃ አለቀ። ባለ 40ው ላይ ወረቀት ለጥፌ «33 ብቻ» ብዬ ጻፍኩበትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።