ለእስክንድር የጮኸ ለጃዋር ለምን ዝም አለ? ለጃዋር የጮኸስ?

— በግልጽ እንነጋገር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ በዚያው ሰሞን የኦሮሞ ፖለቲከኛው ጃዋር መሐመድም ጋዜጠኛና ፖለቲከኛው እስክንድር ነጋም ታሰሩ። ሁለቱ በፖለቲካ አይገናኙም፣ በተለይ በአዲስ አበባ ጉዳይ ፊት ለፊት የሚላተሙ ነበሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ የደጋፊው ነገር ነው። ለአንዱ ፍትሕ ሲጮህ የነበረ ስንት ሰው የሌላውን መታሰር ሲሰማ «እሰይ» አለ። በ2014 ገና ሁለቱም በአንድ ቀን ተፈቱ። ክሳቸው ተቋርጦ ነው እንጂ ተፈርዶባቸው ወይም በነጻ ተሰናብተው አይደለም። ዓመት ተኩል ታስረው፣ ያሉት ነገር ወንጀል ይሁን አይሁን ፍርድ ቤት ሳይለየው ቀረ!

— አልስማማም። በዚያ ሰሞን በነበረው ሁከት ከ150 በላይ ሰው አልቋል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ፊት ቆመህ ስለ መናገር መብት ልታወራ ነው? እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ሬዲዮ ሰውን ለእልቂት እየቀሰቀሰ ምን እንደሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው መጀመሪያ ይኑር፣ ከዚያ ይናገራል።

— ወንድሜ፣ ሐዘኑ የኔም ነው። «ሂዱና እገሌን ግደሉ» ማለት ወንጀል ነው፣ በዚህ አልከራከርህም። የኔ ጥያቄ፣ ይሄን ከተቃውሞ ሐሳብ የሚለየው ማነው? ሥልጣን ላይ ያለው ከሆነ አለቀልን፣ ፍርድ ቤት ነው መለየት ያለበት። በ2001 የወጣውን የፀረ ሽብር ሕግ አስታውስ። እስክንድርን 18 ዓመት ያስፈረደበት እሱ ነው፣ በ2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪያንም የተከሰሱት በሱ ነው። ያኔ «አሸባሪ ናቸው፣ ይበላቸው» ያለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ሕጉ በ2012 በሌላ ተተካ ተባለ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ግን እስክንድር እንደገና እስር ቤት ገባ፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ ጃዋርም ገባ። ሕጉ የትኛው ወገን ነህ ብሎ አይጠይቅም።

— እኔም ከሚኒሶታ ልጨምር። ያኔ ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ኦሮሞ አማራ ብሎ አልለየም። ጎረቤቶቼ እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሰልፍ ሲወጣ ግን ሁሉም የየራሱን እስረኛ ፎቶ ብቻ ይዞ ነው የወጣው። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ሰው እኔ አላየሁም፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

— እሺ፣ የፍርድ ቤቱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ቅስቀሳው በቴሌቪዥን እየተላለፈ ሰው ቢሞትስ? ይሄን ሳትመልስልኝ አልለቅህም።

— ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳኛ ይዘዝ፣ ያ ፕሮግራም ለተወሰነ ቀን ይታገድ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይውጣ፣ ጣቢያውም ይግባኝ ይበል። የመንግሥት ጣቢያም እንዲህ ያለ ነገር ካስተላለፈ በዚያው ሚዛን ይታገድ። ይሄ አንድን ሰው ዓመት ተኩል አስሮ ያለ ፍርድ ከመልቀቅ ጋር በምን ይገናኛል?