ብርቱካን ውስጥ የሚገኘው ሮዝ ትል፦ ርጭት ለምን አይይዘውም?

የአዋሽ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርቲ አካባቢ አንድ ሄክታር ተኩል ዋሽንግተን ኔቭል (ጫፉ ላይ እምብርት ያለው ዝርያ) ብርቱካን አለኝ። ፍሬው ሳይደርስ አንድ ጎኑ ብቻ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ሲከፈት አንድ ሮዝ ትል ይገኝበታል። የፍራፍሬ ዝንብ ነው ተብሎ ማላታዮን የተባለ ፀረ ተባይ ሁለቴ ተረጨ፤ ለውጥ የለም። ምን ልርጭ?

ዕፅዋት ጥበቃ፦
ምልክቱ የዝንብ አይደለም። የዝንብ እጭ ነጭና እግር አልባ ነው፣ ጭንቅላቱም አይለይም፤ አንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሆኖ ይገኛል፣ ሥጋውንም ውሃ ያደርገዋል። የእርስዎ ቡናማ ጭንቅላትና ከፊት ሦስት ጥንድ እግር ካለው የእሳት እራት እጭ ነው። ብርቱካን ላይ ይህን የሚያደርሰው በሳይንሳዊ ስሙ ታውማቶቲቢያ ሊውኮትሬታ የሚባለው ነው። እጩ ሲጨርስ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እርስ በርስ ስለሚበላሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ይተርፋል። ለማረጋገጥ እምብርቱን በቢላ በስሱ ይላጡት፤ እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ቡናማ ኩስ ያገኛሉ።

ርጭቱ ያልያዘበት ምክንያት ግልጽ ነው። እናቲቱ በሌሊት እየበረረች እንቁላሏን አንድ በአንድ ልጣጩ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ጠፍጣፋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካልተፈለገ አይታይም። የተፈለፈለው እጭ ብዙም ሳይቆይ ልጣጩን በስቶ ይገባል፣ ኔቭል ላይ ደግሞ እምብርቱን ይመርጣል። ከገባ በኋላ ማላታዮን አይደርስበትም። ይልቁንም እንቁላሉን የሚያጠፉልንን ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ይፈጃል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ለቀማ ነው። የወደቀውን በሙሉ፣ ዛፍ ላይ ያለጊዜው የቀላውንም ጭምር፣ በየሳምንቱ ይልቀሙ፤ በሙቀት ወራት በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ይሻላል። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ድር አጠንጥኖ ይተኛል፣ ቆይቶም እራት ሆኖ ይወጣል። ዘግይተው ያነሱት ፍሬ ትሉ የለቀቀው ባዶ ፍሬ ነው። የለቀሙትን ማሳ ዳር አይከምሩ። ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ውስጥ አድርገው አፉን አጥብቀው ይሰሩና ቢያንስ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ካልሆነ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቅበሩና አፈሩን ይጠቅጥቁ።

መስኖ፦
በዚህ ላይ ዙሪያውን ይመልከቱ። ጉሎ፣ ቃሪያ፣ ዘይቱን፣ ሮማን፣ በቆሎና ጥጥ ሁሉ ያስጠልሉታል። ሎሚ ላይ ግን እምብዛም አያድግም። ይህ ተባይ የሚያርፍበት ወቅት የለውም፤ ምርት ከተነሳ በኋላ ዛፍ ላይ የቀረች ወቅቷን የሳተች ፍሬ ለሚቀጥለው ትውልድ መሸጋገሪያ ትሆናለች። ለቃሚዎች የሚተዉት ይህን ነው፤ አንድም እንዳይቀር።

የፌሮሞን ወጥመድም (በሴቷ ሽታ ወንዱን የሚስብ) አንድ ይስቀሉ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ከዳር ጥቂት ዛፍ ገባ ብሎ። የተያዘውን በየሳምንቱ ቆጥረው ይመዝግቡ።

የአዋሽ ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወጥመዱን ብዙ ብሰቅል ወንዶቹን አይጨርሳቸውም? የለቀምኩትንስ ኮምፖስት ባደርገው?

ዕፅዋት ጥበቃ፦
አይጨርስም። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው፣ የተረፈው አንድ ወንድ ደግሞ ከብዙ ሴቶች ጋር ይራከባል። የተራከቡ ሴቶችም ከጎረቤት ማሳ እየበረሩ ይገባሉ። ሽታውን ማሳው ሁሉ ላይ በትኖ ወንዱን የሚያደናግረው ዘዴም በትንሽ ማሳ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተስማምተው ሰፊ ቦታ ካልያዙ ገንዘብዎን አያውጡበት። ኮምፖስቱንም ይተዉት፤ የክምሩ ዳር ስለማይግል ትሉ በዚያ ወጥቶ ያመልጣል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚሁ እጭ ብቻ የሚሠራ በቫይረስ የተዘጋጀ ርጭት ይጠቀማሉ። እጩ ፍሬው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቫይረሱን መዋጥ ስላለበትና ቫይረሱን ፀሐይ ስለሚገድለው ሲመሽ ነው የሚረጨው። ከመግዛትዎ በፊት በአገራችን መመዝገቡን ያጣሩ።

ለውጡን ለማየት አሥር ዛፎች ላይ ምልክት ያድርጉ። ከሥራቸው የወደቀውን በየሳምንቱ እየቆረጡ ትል፣ ዝንብ፣ ሌላ ብለው ለየብቻ ይጻፉ። ዛሬ የረገፈው ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት በፊት የተወጋ ስለሆነ ቁጥሩ ወዲያው አይወርድም፤ እስከዚያ ለቀማውን አያቋርጡ።