ከባሕር ዳር ጓንዡ በኪራይ ጄት፦ ከመፈራረማችን በፊት ምን እናጣራ?

የቡሬው ነጋዴ

ጎበዝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። 9 ሰዎች ነን። ለጥቅምቱ የጓንዡ (ቻይና) ንግድ ትርዒት ጄት ተከራይተን ጥቅምት 4 ጠዋት ከባሕር ዳር ልንነሣ አስበናል። ደላላው የትልቁን ጄት ዋጋ ልኮ «አንዴ ከተነሣችሁ የምታርፉት ጓንዡ ነው» ይለናል። እውነት ይሆናል? ውሉ ላይስ ምን እንይ?

ጣና ዳር

ደላላው አልዋሸም። ግን ያልነገራችሁ አለ። ከባሕር ዳር ጓንዡ በአየር 8,080 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብራሪዎቹ ልኬት 4,360 ኖቲካል ማይል። እንደ ገልፍስትሪም 550 ያለው በወረቀት ላይ 6,750 ስለሚሄድ ይደርሳል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚሠራው ነፋስ በሌለበት፣ ጥቂት ሰው ጭኖ፣ ታንኩን ሞልቶ መነሣት ለቻለ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በ22 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ፤ መንደርደሪያው ባይረዝም ኖሮ ደግሞ ይብስ ነበር። ስለዚህ «በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ሙቀት፣ 9 ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ስንት ኪሎ ነዳጅ ይዞ ይነሣል?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ «ከአዲስ አበባ መነሣት ይሻላል» የሚላችሁን አትስሙ።

የእኔ ምክር ሙስካት (ኦማን) ላይ ነዳጅ መሙላት ነው። ከባሕር ዳር ሙስካት 1,400፣ ከሙስካት ጓንዡ 3,010 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። ደምሩት፤ ከቀጥታው የሚበልጠው ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ከተማይቱ መንገድ ላይ ተቀምጣለች ማለት ይቻላል። (የየመንን ሰማይ ብዙ ኦፕሬተሮች፣ ማለትም ጄቱን የሚያበርሩት ድርጅቶች፣ ስለሚሸሹት ዞር ማለቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ቀጥታ ብትሄዱም ያው ነው።) አንዴ ካረፋችሁ ደግሞ ትልቁ ጄት ግዴታ መሆኑ ይቀራል፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ይበቃል።

ጮቄ

ጣና ዳር ያሉት ለመሄጃው ልክ ነው። ለመመለሻው ግን ተጠንቀቁ። በበጋ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ስትሄዱ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ደረት ለደረት ይገጥማችኋል። በ450 ኖት (በሰዓት 450 ኖቲካል ማይል) የሚበር ጄት 80 ኖት ነፋስ ከፊቱ ከመጣበት 3,010ሩን ለመጨረስ 8 ሰዓት ያልፈዋል፤ የሚያቃጥለው ነዳጅ 3,660 ኖቲካል ማይል እንደበረረ ያህል ነው። አንድ ደረጃ ዝቅ ካሉት ጄቶች ቻሌንጀር 605 በወረቀት 4,000 ነው፤ 9 ሰውና የገበያ ዕቃ ሲጨመርበት ጠባብ ነው። ፋልከን 900ኤልኤክስ 4,750 ስለሚሄድ ይቀላል። ቻሌንጀሩን ከያዛችሁ ግን «በመመለሻ ለነዳጅ ተጨማሪ ማረፍ ቢያስፈልግ ወጪው የኦፕሬተሩ ነው» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ከአውሮፕላኑ በላይ የሚያጣላው የአብራሪዎቹ ሰዓት ነው። የአውሮፓ ደንብ የሚከተል ኦፕሬተር ሁለት አብራሪ ብቻ ይዞ፣ ጠዋት ሥራ ከጀመሩ፣ እስከ ሁለት በረራ ድረስ የሚፈቀድላቸው 13 ሰዓት ነው። የእናንተን እንቁጠር፦ ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ይገባሉ፣ 3 ሰዓት ተኩል ሙስካት፣ 1 ሰዓት ነዳጅ፣ 6 ሰዓት ተኩል ጓንዡ። 12 ሞላ። የቀረው አንድ ሰዓት ነው። እንግዲህ የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ ላይ አይሠራም፤ አንድ ሰው ሰዓት ተኩል ቢያረፍድ ዘጠኛችሁም ሙስካት ታድራላችሁ። ጄቱም ከዱባይ ባዶውን የሚመጣ ከሆነ (ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው፣ የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ) ቀን ቀድሞ መጥቶ አብራሪዎቹ ባሕር ዳር ማደር አለባቸው። ያ ባዶ በረራ ከነአዳሩ ዋጋው ውስጥ መኖሩን እዩ።

የቡሬው ነጋዴ

እግዜር ይስጥልኝ። ቦሌ ወርደን ፓስፖርት አስመትተን ብንቀጥልስ?

ጮቄ

ያኔ ሦስተኛ በረራ ይሆናል፤ የተፈቀደው በግማሽ ሰዓት ያንሳል፣ ቦሌ ላይ የሚጠፋውም ይጨመራል። 13ቱ 12 ተኩል ሆኖ ሥራው ከ14 ያልፋል። ሦስተኛ አብራሪ ካልተጨመረ አይሆንም። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር ላይ እንደሚገኙ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካልተገኙ በመደበኛው በረራ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብታችሁ ጄቱን ከዚያ ያዙ። በውጭ የተመዘገበ ጄት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ብቻ ነጥሎ ሊሸጥላችሁ አይችልም።

ደብረ ወርቅ

ፈቃዱን ላክልበት። ቻይና ለመደበኛ ያልሆነ በረራ የማረፊያ ፈቃድ ስትሰጥ እዚያ የሚቀበላችሁን ድርጅት ታውቅ ዘንድ ትፈልጋለች። ስለዚህ የንግድ ሸሪካችሁን የጥሪ ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ። በግል ጄት መሄድ ቪዛ አያስቀርም። የትርዒቱ ሰሞን የማረፊያ ሰዓትና የመቆሚያ ቦታ ስለሚጣበብ ጄቱ አውርዷችሁ ሌላ ከተማ ሄዶ ሊቆም ይችላል፤ ያም በረራ ገንዘብ ነው።

ደግሞ የሰዓትና የቀን ነገር! ፈቃድ የሚጠየቀው በፈረንጅ ቀንና በግሪንዊች ሰዓት ነው። «ጠዋት 1:30» ብላችሁ ለደላላ ከጻፋችሁ ለእሱ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ነው። የእናንተ መነሻ ኦክቶበር 14፣ 04:30 ግሪንዊች ተብሎ ይጻፍ። መድረሻው 15:30 ግሪንዊች ነው፤ ለእኛ ምሽት 12:30፣ ለጓንዡ ግን እኩለ ሌሊት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ጥቅምት 5 ማለዳ ትርዒቱ በር ላይ ለመቆም ያ ጠባብ ነው፤ አረጋውያን ካሏችሁ በአንድ ቀን ቀድሙ።

ክፍያው ከመነሣት በፊት ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። የምንዛሪ ተመኑ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ውሉን በዶላር ያዙ፤ ባንክ የሚወስደውንም ቀን ቁጠሩ።

ጣና ዳር

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቀየሙኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ጓንዡ በቀጥታ ይበራል። ዘጠኝ የክላውድ ናይን (የቢዝነስ ማዕረግ) ትኬት ከዚህ ሁሉ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። የጄቱን ዋጋ ለዘጠኝ አካፍላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡትና እዩት።

የቡሬው ነጋዴ

እናየዋለን። ለሸሪኮቻችን ቅቤና ቋንጣ ይዘን ብንሄድስ?

ደብረ ወርቅ

ሁለቱም በቻይና ጉምሩክ የተከለከሉ ናቸው፤ በግል ጄትም ብትመጡ ይወሰዳሉ። ቡናውን ቆልታችሁ ያዙ።