ሴቶች ብቻ ያሉበትን ማህበር ምን ብዬ ልጥራ? "እናቶች" ወይስ "እህቶች"?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ናችሁ ወይ ቤቶች። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። የበግ ፀጉር እየፈተሉ የሚሸጡ ሴቶች ማህበር ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ከገባሁ 3 ወሬ ነው። አባላቱ 34 ናቸው። ትንሿ 19 ዓመቷ ነው፣ ትልቋ 70 አልፈዋል። ማስታወቂያ የምጽፈውም ስብሰባ የምከፍተውም እኔ ነኝ። በቀደም "ውድ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" ብዬ ስጀምር፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትፈትል የነበረች አባል እጇ ቆመ። እንዝርቱ ጭኗ ላይ ወደቀ፣ አንገቷን ደፋች። ምንም አላለችም። ኋላ ጓደኛዋ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ፤ ለካ ካገባች 11 ዓመት ሆኗታል፣ እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ "እህቶች" ብል ደግሞ ትልቋ "እኔ ላንቺ እህትሽ ነኝ?" ብለው ተቆጡ። "ሴቶች" ብቻ ሲባል ደግሞ ለኔ ይቀዘቅዝብኛል። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ ምን ልበል?

የመንዝ ልጅ፦
እኔ ገበያ ስወጣ የማላውቃትን ሴት "እናት፣ ይሄ ስንት ነው?" ነው የምለው። ወልዳለች አልወለደችም ብዬ አይደለም፣ ማክበሬ ነው። አንቺም በክፋት አላልሽም፣ ብዙ አትጨነቂ። ግን ስብሰባ ላይ ሌላ ነው። እዚያ ቃሉ አንዷ ላይ ከብዶ ከወደቀ፣ ይቅርብሽ።

መምህር (ሸዋ ሮቢት)፦
አማርኛ እዚህ ላይ ያግዝሻል። ለአንድ ሰው "አንተ"፣ "አንቺ" እያልን እንለያለን፣ ብዙ ሲሆኑ ግን "እናንተ" ብቻ ነው። ግዕዝ "አንትሙ" እና "አንትን" ብሎ ወንዶቹንና ሴቶቹን ይለያል፣ ትግርኛም ይለያል፤ አማርኛ ትቶታል። "ኑ"፣ "ተቀመጡ"፣ "እንዴት አደራችሁ" ስትዪ ለ19 ዓመቷም ለ70 ዓመቷም እኩል ነው። አክብሮቱም አይጎድልም፣ አንቱ የምትያቸውም እዚያው ውስጥ አሉ። ስለዚህ ስሙን ተይውና በሰላምታው ጀምሪ።
ማስታወቂያ ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሰው ሁሉ "እያንዳንዱ አባል መታወቂያውን ይዞ ይምጣ" ብሎ ይጽፋል። 34 ሴቶች ባሉበት ይሄ ወንድ መጥራት ነው። "አባላት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ" በዪው፣ አለቀ።

ተሳታፊ (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ሰላ ድንጋይ)፦
መምህር፣ ግን "እናንተ" ራሱ "እነ" እና "አንተ" ተገጣጥመው የወጣ አይደል? ወንዱ ላይ ተሠርቶ ለሴቱም ሆነ እንጂ። ለሴቶች ብቻ "እናንቺ" ቢባልስ?

መምህር (ሸዋ ሮቢት)፦
አመጣጡ ልክ ነህ። ግን ዛሬ "እናንተ" ሲባል ወንድ የሚታየው ሰው የለም። "እናንቺ" ብትል ሰዉ ስብሰባውን ትቶ ቃሉን ሲያወራ ይውላል፣ እሷ ደግሞ የቸገራት ለቅዳሜ ነው።

የአንኮበሯ፦
እኔ "ወይዛዝርት" ደስ ይለኛል፣ ግን ለሠርግና ለትልቅ መድረክ። ድሮ ወይዘሮ የባላባትና የንጉሥ ልጅ ማዕረግ ነበር። የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ልጅ፣ የራስ መኮንን እናት፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ የሚባሉት። ዛሬ ግን ወይዘሮ ያገባች፣ ወይዘሪት ያላገባች ማለት ሆኗል፤ የተፋታችዋ ደግሞ የትኛው ላይ እንደምትገባ እየጨነቃት ትፈርማለች። የመፈረሚያ ወረቀትሽ ላይ "ወ/ሮ"፣ "ወ/ሪት" የሚል ሳጥን ካለ አውጪው። ለፈተለችው ፀጉር ክፍያ ለመቀበል ማግባቷ ምን ያደርጋል?

እናት ከደብረ ሲና፦
ልጄ፣ አንቺው ራስሽ ከላይ "ሰላም ናችሁ ወይ ቤቶች" ብለሽ የለም? እሱን ውሰጂው። እኛ ሰው ደጅ ስንደርስ "ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?" ነው የምንል። ውስጥ አሮጊት ትኑር፣ ሙሽራ ትኑር፣ መካን ትኑር፣ ማንንም አይነካም። ደግሞ ስብሰባው ሳይጀመር ትልቋ ጋ ጠጋ ብለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ "እትዬ እገሌ፣ እንዴት አደሩ?" በያቸው፣ በስማቸው። ያኔ "እህቶች" ብትዪም አይቆጡሽም። የተቆጡት ለቃሉ አይመስለኝም፣ ከልጅ እግር ጋር አብረው በመቆጠራቸው ነው።
ለዚያችኛዋ ግን ይቅርታ ብለሽ ነገሩን አታንሺባት። ቁስሏን በሰው ፊት መግለጥ ይሆናል። ቃሉን ብቻ ተይ፣ እሷ ይገባታል።

የመንዝ ልጅ፦
እማማ እንዳሉት። እኔ በበኩሌ "ፈታዮች" ብትዪስ? የእጃቸው ሥራ ነው፣ ሁሉንም የሚያገናኛቸው እሱ ነው።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እማማ፣ ስለ ይቅርታው ባይነግሩኝ ነገ ቤቷ ልሄድ ነበር። "ፈታዮች"ን አፌ ላይ ሞከርኩት፣ "ፈታ" ከሚለው ጋር ተመሳሰለብኝና ተውኩት። የቅዳሜው ማስታወቂያ ይሄው፦
"ለማህበራችን አባላት በሙሉ። ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የፀጉር ክፍያ ስለምንከፋፈል መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። የፈተላችሁትንም አምጡ፣ እዚያው ይመዘናል።"
ሳጥኑንም አውጥቼዋለሁ።